ስትሮክ መጨመር፦ የአሮጌ ሆንዳ ሲቢ 750 ክራንክ ከ63 ወደ 66 ሚሊሜትር

3 ሚሊሜትር። የምስር ፍሬ እንኳ ከዚህ ትሰፋለች። ግን አንድ አሮጌ ሞተር ላይ 3 ሚሊሜትር ስትሮክ (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) ጨምሩና እዩ። ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ)፣ ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ፣ የካም ሰንሰለቱ፣ ካርቡሬተሩ ተራ በተራ "የኔስ ነገር?" እያለ ይመጣል። ክራንክ ሻፍቱን (የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረውን ዘንግ) ግራይንድ የሚያደርግ፣ ማለትም የሚጠርብ ባለሙያ ማግኘት አያቅትም። የሚያቅተው ያቺ 3 ሚሊሜትር የት የት እንደምትደርስ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ምሳሌዬ በ1969 በፈረንጅ አቆጣጠር ገበያ የወጣው ሞተር ሳይክል፣ ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። 4 ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ አንድ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ። የሲሊንደሩ ስፋት 61 ሚሜ፣ ስትሮኩ 63 ሚሜ፣ ጠቅላላው 736 ሲሲ። ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ 67 የፈረስ ጉልበት ነው።

ይህን የመረጥኩት በክራንኩ ምክንያት ነው። አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ተቀጥቅጦ የተሠራ። የሚሽከረከረውም እንደ መኪና ሞተር በብሮንዚን (ዘንግ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን) ላይ ነው። ስለዚህ ግራይንደር ላይ ወጥቶ ሊስተካከል ይችላል። የካዋሳኪ ዜድ 1 ክራንክ ግን ከብዙ ቁራጭ ተጨምቆ የተገጣጠመ፣ በሮለር የሚዞር ነው። እሱን ስትሮክ ለመጨመር በፕሬስ መፍታት፣ መሃሉ የተዛነፈ ፒን ማሠራት፣ ከዚያ መልሶ ገጥሞ ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላ ሙያ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ለነገሩ ስትሮክ መጨመር የጋራዥ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎቹም ሲያደርጉት ኖረዋል። የእንግሊዙ ሞተር ሳይክል ሠሪ ኖርተን ባለ 600 ሲሲውን ወደ 650 ሲያሳድግ የሲሊንደሩን ስፋት 68 ሚሜ ላይ ትቶ ስትሮኩን ከ82 ወደ 89 አወጣው። ሌላው የእንግሊዝ ፋብሪካ ቢኤስኤ በ1971 ኤ65ን ወደ ኤ70 ሲቀይር 74 የነበረውን ስትሮክ 85 አደረሰው፤ 654 ሲሲ የነበረው ሞተር 751 ሆነ። እነሱ ግን አዲስ ክራንክ ቀጥቅጠው ነው። እኛ ያለውን ነው የምንጠርበው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር

ፍላጎታችሁ ሲሲ ብቻ ከሆነ ስትሮክ አትንኩ። ሲሊንደሩን ቦር አስደርጉ፤ ማለትም አስፉት። ለሲቢ 750 ለዓመታት የታወቀው 65 ሚሜ ፒስተን ክራንኩን ሳትነኩ 836 ሲሲ ይሰጣችኋል። ወደ 100 ሲሲ ጨመራችሁ ማለት ነው። እኛ የምንለፋባት 3 ሚሜ ስትሮክ ደግሞ 736ን 771 ታደርጋለች። 35 ሲሲ! ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጉ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፤ 65 በ66 ሲሆን 876 ሲሲ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ይለፋል? አንደኛ፣ ሲሊንደሩ ከዚህ በላይ ካልሰፋ መሄጃው ስትሮክ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ይጎትታል። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ደስ ይለዋል። እኔ ከሦስተኞቹ ነኝ፤ አልዋሽም።

1. ወረቀትና እርሳስ

ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ክራንኩ ቢየላውን የሚይዝበት ቦታ "የቢየላ አንገት" ይባል። የዚህ አንገት መሃል ከክራንኩ መሃል ያለው ርቀት የስትሮክ ግማሽ ነው። 63 ሚሜ ስትሮክ ካለ ርቀቱ 31.5 ነው። 66 እንዲሆን ርቀቱ 33 መሆን አለበት። አንገቱ ወደ ውጭ የሚገፋው እንግዲህ 1.5 ሚሜ ነው። ከዚህ በኋላ ደጋግማችሁ የምታገኟት ቁጥር ይቺ 1.5 ናት።

ብረት ግን አይገፋም። ስለዚህ አንገቱን አቅጥነን መሃሉን እናዛውራለን። 36 ሚሜ የነበረውን አንገት 33 አድርጋችሁ ከውስጥ በኩል ብቻ ብትቆርጡት፣ አዲሱ መሃል 1.5 ሚሜ ወደ ውጭ ሄደ ማለት ነው። ከአንገቱ ውፍረት የቀነሳችሁት ያህል ስትሮኩ ይጨምራል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

አሁን የሚያሳስበውን እንይ። ክራንኩ የሚሽከረከርበት የሜይን አንገትና የቢየላ አንገት ከጎን ስታዩዋቸው በከፊል ይደራረባሉ። ጥንካሬው ያለው እዚያ ድርብርብ ላይ ነው። የሁለቱን ውፍረት ደምሩ፣ ለሁለት ክፈሉ፣ የስትሮኩን ግማሽ ቀንሱ። ሁለቱም 36 ሚሜ ናቸው ብለን እንነሳ፤ እናንተ የራሳችሁን ለክታችሁ አስገቡ። በፊት 36 ሲቀነስ 31.5፣ 4.5 ሚሜ ነበር። አሁን 34.5 ሲቀነስ 33፣ 1.5 ሚሜ ብቻ ቀረ። ሲሶው ማለት ነው። ለዚህ ነው "ካደረግሁት አይቀር 6 ሚሜ ልጨምር" ለሚል ሰው በግራይንደር ብቻ አታድርገው የምለው።

የፒስተን ፍጥነትም አለ። አማካዩን ለማግኘት ስትሮኩን በሜትር በ2 አባዙ፣ በዙሩ አባዙ፣ ለ60 ክፈሉ። የቀድሞው ሞተር 8,500 ዙር ላይ በሰከንድ 17.85 ሜትር ነበር። 66 ሚሜ ሲሆን በዚያው ዙር 18.7 ይሆናል። 17.85ን ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

2. መፍታትና መለካት

የሲቢ 750 ሞተር ከሻሲው ሳይወጣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አይነሳም። ከባድ ነው፤ ብቻችሁን አትሞክሩት፣ ወገባችሁን ታጡታላችሁ። ጓደኛ ጥሩ፣ ምሳ ጋብዙ።

የሞተሩ ቤት ላይና ታች ሆኖ ይከፈላል። ክራንኩ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስንጥቅ ምርመራ ነው። በማግኔትና በብረት ዱቄት የሚሠራ ምርመራ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ዱቄቱ መስመር ሠርቶ ይታያል። ከ50 ዓመት በላይ የሠራ ብረት ነው። ስንጥቅ ያለበትን ክራንክ መጥረብ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ከዚያ ለኩ። የቢየላውን ርዝመት ከመሃል እስከ መሃል፤ ፒስተኑን ከፒኑ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው) መሃል እስከ አናቱ፤ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ስንት ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል። አራቱንም ሲሊንደር። ሁሉንም ጻፉ። እጃችሁ ዘይት ስለሚሆን በካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር ብትጽፉ ይሻላል፤ የኔ ደብተር ማንበብ የማይቻል ሆኖ ቀርቷል።

3. ውፍረቱን የሚመርጠው ብሮንዚኑ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክራንኩን አስቀድሞ 33 ያስደርግና ብሮንዚን ፍለጋ ይዞራል። ከዚያ 33 የሚሆን ብሮንዚን ሲያገኝ ወርዱ አይገጥምም፤ ወርዱ ሲገጥም የቢየላው ቀዳዳ አይሆንም።

ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ በገበያ ላይ ያለ፣ ነገም የሚገኝ ብሮንዚን ፈልጉ። የትናንሽ መኪና ሞተሮችን ካታሎግ አገላብጡ። ውፍረቱና ወርዱ የሚቀርባችሁን ስታገኙ የቢየላው ትልቁ ቀዳዳ በእሱ ልክ ይታዘዛል። ከዚያ የክራንኩ አንገት በእሱ ልክ ይጠረባል። ካታሎጉ 33 ሳይሆን 33.5 ካላችሁ ስትሮካችሁ 65.5 ይሁን። ሲጠይቋችሁ "66 ነው" በሉ፤ ማን ይለካዋል?

አንገቱ ስለቀጠነ የፋብሪካው ቢየላ በቀጥታ አይሆንም። ተቀጥቅጦ የተሠራ የብረት ቢየላ በልክ ማሠራት ነው የሚሻለው። ውድ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን የሚወስደው እሱና ፒስተኑ ናቸው።

4. ክራንኩን ማስጠረብ

ቶርኖ ስላለው ብቻ ሥራውን ለሚቀበል ሰው አትስጡ። የክራንክ ግራይንደር ያለው፣ አንገት ከመሃል አዛንፎ መጥረብ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ስትሰጡት አራት ነገር በጽሑፍ ስጡት፤ በቃል የተነገረ ይረሳል።

አንደኛ፣ የመጨረሻው ውፍረትና የስትሮኩ መጠን። ሁለተኛ፣ አራቱ አንገቶች ስትሮካቸው እርስ በርስ ከ0.05 ሚሜ በላይ እንዳይለያይ። ሦስተኛ፣ 1ኛውና 4ኛው በአንድ ወገን፣ 2ኛውና 3ኛው በተቃራኒው፣ በትክክል 180 ዲግሪ ላይ እንዲሆኑ። አራተኛውን ደግሞ አስምሩበት፤ አንገቱ ከጎን ግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ቅርጹን መጠበቅ አለበት። እዚያ ላይ ስለታም ጠርዝ ከተተወ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክራንኩ ሲመጣ በመጀመሪያ በጥፍራችሁ የምትዳስሱት ይህን ማዕዘን ነው። ጥፍር ከተያዘ መልሱት።

የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍ ከተጠረበ በኋላ ስለታም ይሆናል። ለስለስ ብሎ መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ ብሮንዚኑን እንደ ቢላ ይፍቀዋል።

አንገቱን ሳያቀጥኑ ስትሮክ የሚጨምሩም አሉ። ከውጭ በኩል ብየዳ ይሞሉና ወደ 36 መልሰው ይጠርቡታል። በዚህ መንገድ የፋብሪካው ቢየላና ብሮንዚን ይቀራል፤ 5 ወይም 6 ሚሜ መጨመርም ይቻላል። ግን ብየዳ ክራንኩን ያጣምመዋል። ሙቀቱን በምድጃ ማስለቀቅ፣ ማቃናት፣ የተደፈነውን የዘይት ቀዳዳ እንደገና መብሳት፣ ስንጥቁን ደግሞ መመርመር አለ። ይህን ዘወትር የሚሠራ ሰው ካላገኛችሁ አትግቡበት። ሰፈር ያለው ጎበዝ በያጅ አጥር ላይ ጎበዝ ነው።

በሁለቱም መንገድ ከጥርቡ በኋላ የላይኛውን ገጽ በናይትሮጅን ማጠንከር ጥሩ ነው። ከዚያ ተመልሶ ቀጥነቱ ይለካል፤ ሙቀት ስለሆነ ትንሽ ሊያጎብጠው ይችላል።

5. 1.5 ወደ ላይ

ክራንኩ መጣ። አሁን በአሮጌው ርዝመት ቢየላና በአሮጌው ፒስተን ብትገጥሙት ፒስተኑ 1.5 ሚሜ ከፍ ብሎ ይወጣል። ከቫልቭ ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው ሦስት ነው።

የሚሻለው አዲስ ፒስተን ማዘዝ ነው። ፒኑ ያለበት ቦታ 1.5 ሚሜ ወደ አናቱ የቀረበ ይሁን። ቢየላው እንዳለ ይቀራል፣ የሞተሩ ቁመት አይቀየርም። ስታዙ የፒስተኑ የታች ጠርዝም እንዲያጥር ንገሩ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ቢየላውን 1.5 ማሳጠር ነው። ቢየላ ለማሠራት ከወሰናችሁ ዋጋው ያው ነው። ግን አጭር ቢየላ ፒስተኑን ወደ ጎን አብዝቶ ይገፋል። ረጅም ስትሮክና አጭር ቢየላ አንድ ላይ አልወድም።

ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ ከሲሊንደሩ ሥር 1.5 ሚሜ የአሉሚኒየም ሳህን ማስገባት። አሮጌው ፒስተን ይሠራል። ግን ሲሊንደሩ ከፍ ሲል ካሙም አብሮ ይርቃል። ሰንሰለቱ ተጎትቶ ካሙ ጥቂት ዲግሪ ይዘገያል። ቀዳዳው ሞላላ የሆነ የካም ጥርስ ገጥማችሁ በዲግሪ ሰሌዳ መልሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። የሲሊንደሩ ቡሎኖችም የሚይዙት ጥርስ በዚያው ልክ ያንሳል። ገንዘብ ሲያጥር እንጂ አልመርጠውም።

6. 1.5 ወደ ታች

ወደ ላይ ያለውን ሁሉም ያስባል፤ የሚረሳው ታቹ ነው። ፒስተኑ አሁን ዝቅ ብሎ ይወርዳል። የታች ጠርዙ ከክራንኩ የሚዛን ክብደቶች ጋር ሊነካካ ይችላል። ከሲሊንደሩም ሥር አብዝቶ ይወጣል። የቢየላው ብሎኖች ደግሞ 1.5 ሚሜ ሰፋ ባለ ክብ ይዞራሉ፤ የሞተሩን ቤት ግድግዳና የሲሊንደሩን የታች ጫፍ ሊገጩ ይችላሉ።

ስለዚህ ሞተሩ ያለ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) እና ያለ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አንዴ ለሙከራ ይገጠማል። የልጆች መጫወቻ ጭቃ ግዙ። በሚያጠራጥር ቦታ ሁሉ እንደ ሽምብራ እየቆነጠራችሁ ለጥፉ፤ ላዩን ዘይት ቀቡት። ከዚያ ክራንኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ።

እኔ በመጀመሪያው ጊዜ 1ኛውን ሲሊንደር ብቻ አየሁ። ጭቃው 2 ሚሜ ቀርቶታል። ደስ አለኝ፣ "አራቱም አንድ ናቸው" ብዬ መግጠም ጀመርኩ። ስገጥም፣ ክራንኩን ሳዞር፣ አንድ ቦታ ላይ ቂጭ አለ። ድምፅ ማለት ይከብዳል፤ በእጄ ነው የተሰማኝ። መልሼ ፈታሁ። 3ኛው ጋ የቢየላው ብሎን ራስ የሞተሩን ቤት ግድግዳ ጭሮ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የምታብለጨልጭ ምልክት ትቷል። አሉሚኒየም ሲቀለጥ የተሠራበት ቅርጽ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። እዚያ ጋ ትንሽ ወፈር ብሎ ነበር። በእጅ ሞርጄ 1.5 ሚሜ ክፍተት አበጀሁለት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሞተሩ ተነስቶ 5,000 ዙር ላይ ቢሆን ኖሮስ?

አራቱንም እዩ። ጭቃውን በምላጭ ለሁለት ቆርጣችሁ ውፍረቱን ለኩ። ለሚሽከረከር ነገር ከ1.5 ሚሜ በታች አትተዉ። ከላይ ደግሞ ቴስታታውን ከጓርኒሲዮኑ ጋር አስራችሁ ፒስተኑ አናት ላይ ጭቃ ለጥፉ፤ ለመግቢያ ቫልቭ ቢያንስ 1.5፣ ለመውጫው 2 ሚሜ ይቅር።

7. ኮምፕሬሽን

ፒስተኑ ሲወጣ አየሩና ቤንዚኑ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚነግረን ቁጥር ነው፤ የፋብሪካው 9 ለ1 ነበር። አንዱ ሲሊንደር 184 ሲሲ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የሚቀረው ክፍተት 23 ሲሲ ነው። ስትሮኩ 66 ሲሆን ሲሊንደሩ 193 ይሆናል። ክፍተቱ 23 ከቀረ ኮምፕሬሽኑ 9.4 ለ1 አካባቢ ነው። ጥሩ ነው፤ ምንም አያስፈራም። 65 ሚሜ ፒስተን ከጨመራችሁ ግን በዚያው ክፍተት 10.5 ይደርሳል። በአየር ለሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር ይህ ጥሩ ቤንዚን ይጠይቃል። የፒስተኑን አናት ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ክፍተቱን በመርፌና በዘይት ለኩት፤ በካታሎግ ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

8. ሚዛንና መግጠም

አራቱ ፒስተኖች ከነፒናቸውና ከነፋሻቸው፣ አራቱ ቢየላዎች፣ እርስ በርስ በ1 ግራም ውስጥ ይሁኑ። የወርቅ ሚዛን ይበቃል። ክራንኩን ደግሞ በማሽን ባላንስ አስደርጉ፤ ብረት ከአንድ ወገን ስለተነሳ የቀድሞው ሚዛን የለም። 4 ሲሊንደር ስለሆነ ፒስተኖቹ እርስ በርስ ይመጣጠናሉ፤ ቢሆንም የሜይን ብሮንዚኖቹ ሸክሙን ይሰማሉ።

የብሮንዚኑን ክፍተት በሚጨፈለቅ የፕላስቲክ ክር ለኩ። ለ33 ሚሜ አንገት ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሜ ጥሩ ነው። የቢየላ ብሎኖችን ሠሪው በሰጠው መጠን እሰሩ እንጂ በሆንዳ መጽሐፍ አይደለም፤ ብሎኖቹ የሆንዳ አይደሉም።

9. ማስነሳት

ይህ ሞተር ዘይቱ በጎን ባለ ታንክ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ ሞተሩ ጋ እንዲደርስ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ አዙሩት። ከዚያ ካንዴላ ገጥማችሁ አስነሱ።

ከተነሳ በኋላ ቆሞ እንዲሠራ አትተዉት። ፋሻ የሚያርፈው በጭነት ነው። አውጡት፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ንዱ። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሩ፤ የወጣውን በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ እዩ። ትንሽ አሉሚኒየም ብልጭታ ያለ ነው። የመዳብ ቀለም ካያችሁ ግን አቁሙ፤ ብሮንዚን ነው።

28 ሚሜዎቹ አራት ካርቡሬተሮች ይበቃሉ። ዋናውን ጄት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ካንዴላውን እዩ። እንደ ገብስ ቆሎ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጨምሩ።

ቅድም ያዙት ያልኳችሁ 17.85 ነበር። 66 ሚሜ ስትሮክ ያለው ሞተር እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው 8,100 ዙር ላይ ነው። በዙር መቁጠሪያው ሰዓት ላይ ያለው ቀይ መስመር ግን አሁንም 8,500 ይላል። ቀጭን ቀይ ቴፕ ቁረጡና 8,100 ላይ ለጥፉ። ከመስታወቱ ውጭ ይሁን፤ ሰዓቱን ለመክፈት ሌላ ቅዳሜ አታባክኑ።